ከጉድጓዱ አፍ እስከ ቧንቧው፦ የአሜሪካ የተፈጥሮ ጋዝ ዋጋ ቁጥጥር ታሪክ

የተፈጥሮ ጋዝ ከምድር ውስጥ ወጥቶ ከምድጃ ወይም ከፋብሪካ እስኪደርስ በሦስት እጆች ያልፋል፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ቆፍሮ የሚያወጣው አምራች፣ ሁለተኛው ገዝቶ በረጅም ቧንቧ ከክልል ወደ ክልል የሚያጓጉዘው ኩባንያ፣ ሦስተኛው ደግሞ በከተማ ውስጥ ለየቤቱና ለየፋብሪካው የሚያድለው አከፋፋይ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ የጋዝ ዋጋ ቁጥጥር የተጀመረው በሦስተኛው እጅ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛውም ወደ መጀመሪያው እየተሻገረ ሄዶ፣ በመጨረሻ ብዙ ዋጋ ተከፍሎበት ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተነሥቶ ወደ ቧንቧው ተመልሷል። ይህ ሂደት አንድ መቶ ዓመት ያህል የፈጀ ሲሆን፣ አቅጣጫውን በአብዛኛው የወሰኑት ሕግ አውጪዎች ሳይሆኑ ዳኞች መሆናቸው ታሪኩን ከሌሎች የኢንዱስትሪ ሕጎች ታሪክ ይለየዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ከተሞች የሚያውቁት ጋዝ ከምድር የሚፈልቀው ሳይሆን የድንጋይ ከሰልን በማጋል የሚመረተው ነበር። የባልቲሞር ከተማ ምክር ቤት በ1816 ሬምብራንት ፒል የተባለው ሠዓሊና ባልንጀሮቹ ላቋቋሙት የጋዝ መብራት ኩባንያ መንገድ ቆፍሮ ቧንቧ የመቅበር ፈቃድ ሰጠ። በ1821 ደግሞ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በምትገኘው በፍሬዶኒያ ዊልያም ሃርት 27 ጫማ ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ ከምድር የወጣውን ጋዝ ለመብራት አዋለው፤ ይሁን እንጂ የተፈጥሮ ጋዝ ከመነጨበት ቦታ ርቆ መጓዝ ስለማይችል ለረጅም ጊዜ የአካባቢ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። ከተሞቹ በመጀመሪያ ዋጋውን ውድድር ያወርደዋል ብለው ለብዙ ኩባንያዎች ፈቃድ ቢሰጡም፣ ውጤቱ በአንድ ጎዳና ላይ ሁለትና ሦስት ቧንቧ ጎን ለጎን መቀበርና መንገዱ በየጊዜው መቆፈር ሆነ፤ ተወዳዳሪዎቹም ጥቂት ከተፎካከሩ በኋላ ተስማምተው አንድ ይሆኑና የፉክክሩን ኪሳራ ከደንበኛው ላይ ያስመልሱ ነበር። በ1884 ስድስት የኒው ዮርክ ጋዝ ኩባንያዎች ተዋሕደው ኮንሶሊዴትድ ጋዝን መመሥረታቸው የዚህ ሂደት ጥሩ ማሳያ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን ሁኔታ ተፈጥሯዊ ሞኖፖሊ ይሉታል፤ ይኸውም አገልግሎቱን አንድ ድርጅት ብቻውን ቢያቀርበው ብዙዎች ተከፋፍለው ከሚያቀርቡት ይልቅ ወጪው የሚያንስበት፣ በዚህም ምክንያት ውድድር የማይዘልቅበት ሥራ ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ የግል ድርጅት ዋጋውን እንደ ፈለገ እንዳይቆልል መንግሥት ጣልቃ መግባት ይችላል የሚለው ሐሳብ ሕጋዊ መሠረት ያገኘው በ1877 ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች በቺካጎ የእህል ጎተራዎች ክርክር፣ በታሪክ መን በኢሊኖይ ላይ ተብሎ በሚታወቀው ጉዳይ፣ የሕዝብ ጥቅም ያለበት ንብረት በሕዝብ ቁጥጥር ሥር ሊውል ይችላል ብለው ፈረዱ። ማሳቹሴትስ በ1885 የጋዝ ኮሚሽነሮችን ቦርድ አቋቋመች፤ በ1907 ደግሞ ዊስኮንሲንና ኒው ዮርክ ሙሉ ሥልጣን ያላቸውን የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽኖች ሲመሠርቱ ሌሎቹ ግዛቶች ፈጥነው ተከተሏቸው። የኮሚሽኖቹ ሥራ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ የኩባንያውን ንብረት ዋጋ ይገምታሉ፣ በዚያ ላይ ተገቢ የሆነ የትርፍ መቶኛ ያሰላሉ፣ የሥራ ማስኬጃ ወጪ ይጨምሩና ታሪፍ ይተምናሉ። ንብረቱ ግን በተገዛበት ዋጋ ይገመት ወይስ ዛሬ ቢሠራ በሚፈጀው? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1898 በስማይዝና በኤምስ መካከል በታየው የባቡር ታሪፍ ክርክር ሁለቱንም፣ ሌላም ጨምራችሁ መዝኑ የሚል ብያኔ ስለሰጠ፣ ከዚያ በኋላ ለአርባ ስድስት ዓመታት እያንዳንዱ የታሪፍ ጉዳይ የመሐንዲሶችና የጠበቆች የግምት ሙግት ሆኖ ኖረ።

በ1920ዎቹ የብረት ቧንቧ አሠራርና የብየዳ ጥበብ ሲሻሻል ጋዝ ረጅም ርቀት መጓዝ ቻለ። በቴክሳስ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በሉዊዚያናና ከካንሳስ እስከ ቴክሳስ በተዘረጋው በሁጎተን የተገኙት ግዙፍ ክምችቶች ገበያ አልነበራቸውም፤ ዘይት ፈላጊዎች አብሮ የሚወጣውን ጋዝ እንደ እንከን እየቆጠሩ በአየር ላይ ያቃጥሉት ነበር። በ1931 ከቴክሳስ ተነሥቶ 1,000 ማይል ያህል ተጉዞ ቺካጎ የገባው መስመር ይህን ዓለም ለወጠው፤ ነገር ግን መስመሩ የክልል ድንበር በተሻገረ ቁጥር ተቆጣጣሪው ከኋላው ይቀር ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1924 ሚዙሪ ከካንሳስ ናቹራል ጋዝ ኩባንያ ጋር ባደረገችው ክርክር፣ አንድ ግዛት ከሌላ ግዛት የሚመጣን ጋዝ የጅምላ ዋጋ መተመን እንደማይችል፣ ይህም ሕገ መንግሥቱ ለፌዴራል መንግሥት የተወው የክልሎች ንግድ እንደሆነ ፈርዶ ነበርና። የፌዴራል መንግሥት ደግሞ በጉዳዩ ላይ ምንም ሕግ አላወጣም። የከተማው አከፋፋይ ለኮሚሽኑ ሒሳቡን ሲያቀርብ ትልቁ ወጪ ከቧንቧ ኩባንያው የተገዛው ጋዝ ዋጋ ሆኖ ይገኛል፤ ኮሚሽኑ ግን ያንን ዋጋ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም ብሎ በቀጥታ ሊመረምር አይችልም፤ ብዙ ጊዜም ሻጩና ገዢው የአንድ ባለቤት ንብረት ነበሩ።

ይህን የባለቤትነት መረብ የገለጠው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ1928 እስከ 1935 ያካሄደው ሰፊ ምርመራ ነው። ሆልዲንግ ኩባንያ የሚባለው፣ ራሱ ምንም ሳያመርት የሌሎችን ኩባንያዎች አክሲዮን እየያዘ የሚቆጣጠር ድርጅት፣ በኤሌክትሪክም በጋዝም ዘርፍ ተደራርቦ ጥቂት ቡድኖች አብዛኛውን ቧንቧ እንደያዙ ምርመራው አሳየ። ኮንግረሱ በ1935 በሆልዲንግ ኩባንያዎች ላይ ሕግ ካወጣ በኋላ፣ በጋዝ ዋጋ የተማረሩት የመካከለኛው ምዕራብ ከተሞች ግፊት ታክሎበት፣ የተፈጥሮ ጋዝ ሕግ የሚባለው አዋጅ በሰኔ 1938 በፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ፊርማ ጸደቀ። አስፈጻሚ ሆኖ የተመደበው በ1920 በወንዞች ላይ የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ግድቦችን ፈቃድ ለመስጠት የተቋቋመውና በ1930 አምስት ኮሚሽነሮች እንዲኖሩት ተደርጎ የተደራጀው የፌዴራል ኃይል ኮሚሽን ነበር።

ሕጉ የክልሎችን ድንበር የሚሻገር የጋዝ ማጓጓዝና ለዳግም ሽያጭ የሚውል የጅምላ ሽያጭ ዋጋ ፍትሐዊና ምክንያታዊ እንዲሆን ያዝዛል፤ የአካባቢ ማከፋፈልን፣ እንዲሁም የጋዝ ምርትንና መሰብሰብን ግን ከኮሚሽኑ ሥልጣን ውጭ ያደርጋል። የመጨረሻዋ ሐረግ ሲጸድቅ ብዙ ትኩረት አላገኘችም። አንድ አምራች ጉድጓዱ አጠገብ ለቧንቧ ኩባንያ የሚሸጠው፣ ከዚያም ወደ ሌላ ክልል የሚሄድ ጋዝ፣ ምርት ነው ወይስ ለዳግም ሽያጭ የሚደረግ የጅምላ ሽያጭ? የሕጉ አርቃቂዎች ጥያቄውን በግልጽ አልመለሱትም፤ የሚቀጥሉት አርባ ዓመታት ውዝግብ በሙሉ ከዚህ ክፍተት የወጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኮሚሽኑ በቧንቧዎቹ ላይ ሥራውን በብርታት ጀመረ። በዌስት ቨርጂኒያ ጋዝ እያመረተና እየገዛ ለኦሃዮ አከፋፋዮች ይሸጥ የነበረው ሆፕ የተባለ የስታንዳርድ ኦይል ቅርንጫፍ ንብረቱን ዛሬ ቢተካ በሚፈጀው ዋጋ ወደ 66 ሚሊዮን ዶላር ሲገምተው፣ ኮሚሽኑ ግን በእርግጥ የወጣበትን ገንዘብ አስልቶ፣ እርጅናውን ቀንሶ፣ ግማሹን ያህል ብቻ ተቀበለና 6.5 በመቶ ትርፍ ፈቅዶ ዓመታዊ ገቢው ከ3.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲቀነስ አዘዘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1944 በዳኛ ዊልያም ዳግላስ ብዕር በጻፈው ብያኔ፣ ዋናው ነገር የመጨረሻው ውጤት ሚዛናዊ መሆኑ እንጂ ተቆጣጣሪው የተጠቀመበት የስሌት መንገድ አይደለም ሲል፣ ከ1898 ጀምሮ የዘለቀው የግምት ሙግት በአንድ ውሳኔ አበቃ። በዚያው ጉዳይ የተለየ ሐሳብ ያሰፈሩት ዳኛ ሮበርት ጃክሰን ግን ተቃጥሎ የማይተካን የምድር ሀብት እንደ ቧንቧና እንደ ቢሮ ሕንፃ በወጪው መተመን ትርጉም እንደሌለው፣ ዋጋው ፍጆታንና ፍለጋን የሚመራ መሣሪያ መሆኑ መታሰብ እንዳለበት አስጠንቅቀው ነበር። ማስጠንቀቂያው ተገቢ እንደነበር እስኪታይ ሠላሳ ዓመት ፈጀ።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቧንቧውን ካርታ አሰፋው። ከቴክሳስ ተነሥቶ በ1944 ዌስት ቨርጂኒያ የደረሰው የቴኔሲ ጋዝ መስመር የጦር ፋብሪካዎችን ለመመገብ በኮሚሽኑ ፈቃድ የተዘረጋ ነው፤ ይህ ኩባንያ ኋላ ቴኔኮ በሚል ስም ገንኖ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኦጋዴን የካሉብን የጋዝ ክምችት ያገኘው ያው ነው። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ነዳጅ ጫኝ መርከቦችን ሲያሰጥሙ መንግሥት የሠራቸው ቢግ ኢንችና ሊትል ቢግ ኢንች የተባሉት የነዳጅ ዘይት ቧንቧዎች ደግሞ በ1947 በ143 ሚሊዮን ዶላር ለቴክሳስ ኢስተርን ተሸጠው ለጋዝ ማጓጓዣነት ተለወጡ፤ ፊላዴልፊያንና ኒው ዮርክን የመሰሉ የምሥራቅ ከተሞችም ከከሰል ጋዝ እየተላቀቁ ከደቡብ ምዕራብ ጉድጓዶች ጋር ተሳሰሩ። ትናንት በከንቱ ይቃጠል የነበረ ጋዝ የሚፈለግ ሸቀጥ ሲሆን የጉድጓዱ አፍ ዋጋ፣ ማለትም አምራቹ ጋዙን ለቧንቧ ኩባንያው የሚያስረክብበት ዋጋ፣ መውጣት ጀመረ። ቧንቧዎቹ የሚገዙበት ዋጋ ወደ ታሪፋቸው ስለሚተላለፍ፣ ቧንቧውን ብቻ መቆጣጠር ሸማቹን ይጠብቃል ወይ የሚለው ጥያቄም አብሮ ተነሣ።

ይጠብቃል የሚሉትን የተቃወመው ዋናው ሰው ከ1939 ጀምሮ የኮሚሽኑ አባል የነበረው ሊላንድ ኦልድስ ነው። በ1949 ፕሬዚዳንት ትሩማን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያጩት የአምራች ግዛቶች ሴናተሮች ተነሡበት፤ ጉዳዩን የመረመረውን ንዑስ ኮሚቴ የመራው ከቴክሳስ አዲስ የተመረጠው ሊንደን ጆንሰን ሲሆን፣ ኦልድስ በ1920ዎቹ ለሠራተኞች የዜና አገልግሎት የጻፋቸው ጽሑፎች ተፈልገው ኮሚኒስት ለማስባል ዋሉ። ሴኔቱ በ53 ለ15 ድምፅ ጣለው። ጆንሰንን ይደግፉ ከነበሩት ባለጸጎች መካከል ቴክሳስ ኢስተርንን የመሠረቱት የብራውን ወንድማማቾች መኖራቸው የክርክሩን ባሕርይ በሚገባ ያስረዳል። በተከታዩ ዓመት የኦክላሆማው ሴናተር ሮበርት ኬር፣ ራሱም የነዳጅ ኩባንያ ባለቤት ሆኖ፣ አምራቾች ከቁጥጥር ነፃ መሆናቸውን በግልጽ የሚደነግግ ረቂቅ በሁለቱም ምክር ቤቶች አሳለፈ፤ ትሩማን ግን በሚያዝያ 1950 አልፈርምም አሉ።

ኮንግረሱ ሊዘጋው ያልቻለውን ክፍተት ፍርድ ቤቱ ዘጋው። በኦክላሆማ የሚገኘው ፊሊፕስ ፔትሮሊየም ቧንቧ ያልነበረው ትልቁ ነፃ አምራች ሲሆን፣ ጋዙን ለሚሸጥለት ኩባንያ ዋጋ ሲጨምር የዊስኮንሲን ግዛትና እንደ ሚልዋኪና ዲትሮይት ያሉ ከተሞች ለኮሚሽኑ አቤት አሉ። ኮሚሽኑ ራሱ በ1951 ሥልጣን የለኝም ብሎ መለሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ሰኔ 7 ቀን 1954፣ በዳኛ ሸርመን ሚንተን በተጻፈና 5 ለ3 በተላለፈ ብያኔ፣ ምርት የተባለው ጋዙን ከምድር የማውጣቱ ተግባር ብቻ እንደሆነ፣ ሽያጩ ግን በሕጉ ሥር የሚወድቅ የጅምላ ሽያጭ እንደሆነ ወሰነ። ከተቃወሙት ሦስት ዳኞች አንዱ የሆፕን ብያኔ የጻፉት ዳግላስ መሆናቸው ሊታለፍ አይገባም፤ የሸማች ወዳጅ የነበሩት ዳኛ እንኳ ብያኔው ኮንግረሱ ለምርት የሰጠውን ነፃነት በአብዛኛው ከንቱ እንደሚያደርገው ጽፈው ነበር።

በዚያን ጊዜ የጉድጓዱ አፍ ዋጋ ለ1,000 ኪዩቢክ ጫማ በአማካይ ወደ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። አምራቾቹ ወዲያው ወደ ኮንግረስ ተመልሰው በ1956 መጀመሪያ ከቁጥጥር የሚያወጣቸውን ሌላ ረቂቅ ለማሳለፍ ተቃረቡ። ድምፅ ከመሰጠቱ ጥቂት ቀናት በፊት ግን የሳውዝ ዳኮታው ሴናተር ፍራንሲስ ኬዝ፣ ረቂቁን ሊደግፍ አስቦ የነበረው፣ የጋዝ ጉዳይ ያለው ጠበቃ ለምርጫ ዘመቻው 2,500 ዶላር እንደተወለት ለሴኔቱ ገለጠና የተቃውሞ ድምፅ ሰጠ። ረቂቁ ቢያልፍም ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር፣ ይዘቱን እንደሚደግፉ ሳይሸሽጉ፣ በአሠራሩ ነውር ምክንያት የካቲት 17 ቀን መለሱት። ኢንዱስትሪው በገዛ እጁ ያጣውን ዕድል ለሃያ ሁለት ዓመት አላገኘውም።

ኮሚሽኑ አሁን በአሥሮች የሚቆጠሩ ቧንቧዎችን ሳይሆን ብዛታቸው በሺዎች የሚቆጠር አምራቾችን፣ ከየጉድጓዳቸውና ከየውላቸው ጋር፣ መዳኘት ነበረበት። የወጪ ስሌቱ ራሱ መሠረት አልነበረውም፤ አንዱ ጉድጓድ ያለ ምንም ፍሬ ይደርቃል፣ ሌላው በአነስተኛ ወጪ ለአሥርተ ዓመታት ይሰጣል፤ ከዚህም የሚብሰው ዘይትና ጋዝ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጉድጓድ አብረው ስለሚወጡ የጋዙን ወጪ ብቻ ለይቶ ማወቅ አለመቻሉ ነው። በግ ነጋዴ ከግዢው ዋጋ ስንቱ የሥጋው፣ ስንቱ የቆዳው እንደሆነ በሒሳብ ለይ ቢባል ከዘፈቀደ ክፍፍል በቀር መልስ እንደማይኖረው ሁሉ፣ የኮሚሽኑም ባለሙያዎች እርስ በርስ የማይስማሙ የክፍፍል ቀመሮችን ሲያቀርቡ ዓመታት አለፉ። ጄምስ ላንዲስ በ1960 መጨረሻ ለተመራጩ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ባቀረቡት ዘገባ የፌዴራል ኃይል ኮሚሽንን የአስተዳደር ሥርዓት ውድቀት ዋና ምሳሌ አድርገው ጠቀሱት፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ከ2,300 በላይ የአምራቾች የዋጋ ጉዳይ ተከማችቶ ስለነበር፣ ሠራተኛው በሦስት እጥፍ ቢጨመር እንኳ ኮሚሽኑ እስከ 2043 ድረስ ወቅታዊ ሥራ ላይ እንደማይደርስ አመለከቱ። ላንዲስ የቁጥጥር ጠላት አልነበሩም፤ በሩዝቬልት ዘመን ከዋነኞቹ የቁጥጥር ተቋማት ነዳፊዎች አንዱ ነበሩና ነቀፌታቸው ይበልጥ ከበደ።

ኮሚሽኑ ከተዘፈቀበት ለመውጣት የእያንዳንዱን አምራች ወጪ ማስላት ትቶ ለአንድ አካባቢ በሙሉ አንድ የዋጋ ጣሪያ የመተመን ዘዴ በ1960 አወጀ። የመጀመሪያው በምዕራብ ቴክሳስና በኒው ሜክሲኮ የሚገኘው የፐርሚያን ተፋሰስ ነበር፤ ክርክሩ በ1961 ተጀምሮ ውሳኔው በ1965 ተሰጠ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1968 አጸናው። ውሳኔው ጋዝን በሁለት ከፈለው፦ ከ1961 መጀመሪያ በኋላ በተፈረመ ውል ከጋዝ ጉድጓድ የሚወጣው አዲስ ጋዝ በቴክሳስ በኩል 16.5 ሳንቲም፣ አሮጌውና ከዘይት ጋር የሚወጣው 14.5 ሳንቲም እንዲሆን። ሐሳቡ ገና ያልተገኘ ጋዝ እንዲፈለግ ማበረታቻ መስጠት፣ ቀድሞ የተገኘው ግን ባለቤቱን ያለ ድካም እንዳያበለጽግ ማድረግ ነው። ብልሃቱ የማይናቅ ቢሆንም አንድ ዓይነት ነዳጅ በአንድ ቧንቧ ውስጥ ተቀላቅሎ እየሄደ እንደ ልደት ቀኑ ዋጋው የሚለያይበት ሥርዓት ከዚህ ተወለደ።

ፍርድ ቤቱ ዘዴውን ባጸናበት በዚያው በ1968 ሀገሪቱ ከአላስካ ውጭ የምትጠቀመው ጋዝ በዓመቱ ከምታገኘው አዲስ ክምችት ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠ። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ፍጆታው እያደገ፣ ርካሽ ስለሆነም ፍለጋው እየቀነሰ ሄደ። የፌዴራል ጣሪያው የሚሠራው ድንበር ለሚሻገር ጋዝ ብቻ በመሆኑ፣ በቴክሳስና በሉዊዚያና ውስጥ የሚሸጠው ጋዝ ዋጋ ነፃ ነበር፤ አምራቾችም አዲሱን ጋዝ ለጎረቤት ፋብሪካ በተሻለ ዋጋ እየሸጡ ለሰሜኑ የሚልኩትን ቆጠቡ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቧንቧዎቹ በውል የገቡትን መጠን ማድረስ አቅቷቸው አቅርቦት መቀነስ ጀመሩ፤ ኮሚሽኑም በዋጋ ሊደለደል ያልተፈቀደውን በወረፋ ደለደለ፣ መኖሪያ ቤቶችን አስቀድሞ ትላልቅ የፋብሪካ ማሞቂያዎችን መጨረሻ አሰለፈ። የጣሪያ ዋጋው በ1974 ለመላ ሀገሪቱ 42 ሳንቲም፣ በ1976 ደግሞ ለአዲስ ጋዝ 1.42 ዶላር ቢደርስም ጉድጓድ በአንድ ክረምት አይቆፈርም።

የ1976 እና የ1977 ክረምት በታሪክ ከተመዘገቡት ብርቱ ቅዝቃዜዎች አንዱ ሆነ። በኦሃዮ፣ በፔንስልቬኒያና በአካባቢያቸው ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ፋብሪካዎች ቆሙ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ለጊዜው ከሥራ ቀሩ፤ በዚያው ሳምንት ግን ሂዩስተን ውስጥ ጋዝ በገንዘብ ሊገዛ ይቻል ነበር። ሥልጣን ከያዙ ሁለት ሳምንት ያልሞላቸው ጂሚ ካርተር የካቲት 2 ቀን 1977 ቧንቧዎች ከነፃው ገበያ እንዲገዙ የሚፈቅድ የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ፈረሙ፤ በዚያው ምሽት ሹራብ ለብሰው ከምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ለሕዝቡ ንግግር አደረጉ። በጥቅምት የፌዴራል ኃይል ኮሚሽን ፈርሶ በአዲሱ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ውስጥ የፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ተተካ። ለዘላቂው ሕግ የተደረገው ክርክር ግን ከባድ ነበር፤ ሴናተሮች ጄምስ አቡሬዝክና ሃዋርድ ሜትዘንባውም ዋጋ ይለቀቅ መባሉን ለማክሸፍ ማሻሻያ በማሻሻያ ላይ እያቀረቡ ሴኔቱን ለቀናት አሠሩት።

በኅዳር 1978 የወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ፖሊሲ ሕግ የዚያ ድርድር ልጅ ነው። የፌዴራሉ ጣሪያ በክልል ውስጥ ወደሚሸጠውም ጋዝ ተዘረጋ፤ በምትኩ አዲስ የሚገኘው ጋዝ ዋጋ ቀስ በቀስ አድጎ በ1985 እንዲለቀቅ ተወሰነ፤ አሮጌው ግን በቁጥጥር ሥር ቀረ። እንደ ጉድጓዱ ጥልቀት፣ ዕድሜና ከቀድሞ ጉድጓድ ያለው ርቀት ከሃያ በላይ የዋጋ መደቦች ተፈጠሩ፤ ከ15,000 ጫማ በታች የሚገኘው ጥልቅ ጋዝ ከሌሎቹ ቀድሞ ነፃ ሆነ። እጥረቱን እንደ ዘላለማዊ የቆጠረው ኮንግረስ በዚያው ጊዜ አዲስ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ጋዝ እንዳይጠቀሙ የሚከለክል ሕግም አወጣ፤ ይህ ክልከላ የተነሣው በ1987 ነው።

ቀጥሎ የመጣው ግን እጥረት ሳይሆን ትርፍ ነበር። እጥረቱ ያስደነገጣቸው ቧንቧዎች ጋዝ ለማግኘት ተሻምተው «ውሰድ ወይም ክፈል» የሚባሉ የረጅም ጊዜ ውሎችን ፈረሙ፤ በእነዚህ ውሎች ገዢው የተስማማውን መጠን ቢረከብም ባይረከብም ክፍያውን ይፈጽማል። ርካሹ አሮጌ ጋዝ ውዱን ስለሚያለዝበው አንዳንዶቹ ለጥልቅ ጋዝ በ1,000 ኪዩቢክ ጫማ 9 ዶላርና ከዚያ በላይ ከፈሉ፤ በኦክላሆማ የአናዳርኮ ተፋሰስ ቁፋሮው ትኩሳት ሆነ። ለዚህ ትኩሳት ያለ ልክ ያበደረው ፔን ስኩዌር የተባለ የኦክላሆማ ሲቲ አነስተኛ ባንክ በሐምሌ 1982 ሲወድቅ ብድሩን የገዙትን ትላልቅ ባንኮች አናጋ፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነውን ኮንቲኔንታል ኢሊኖይን መንግሥት በ1984 ማዳን ግድ ሆነበት። በ1972 ወደ 22 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ደርሶ የነበረው የሀገሪቱ ዓመታዊ ፍጆታ በ1986 ወደ 16 ትሪሊዮን ወረደ። በገበያው ርካሽ ጋዝ ተትረፍርፎ ሳለ ቧንቧዎቹ ውዱን የውል ጋዝ ለታሰሩት ደንበኞቻቸው ማስተላለፋቸውን ቀጠሉ፤ የኢኮኖሚ ትምህርት አቅርቦት ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል ቢልም፣ አቅርቦት በበዛበት በዚህ ዘመን የቤት ሸማቹ ሒሳብ ጨመረ።

ችግሩ ያለው ከጉድጓዱ ሳይሆን ከቧንቧው እንደሆነ የታየው በዚህ ጊዜ ነው። ቧንቧው ነጋዴም አጓጓዥም በመሆኑ፣ አከፋፋዩ ከሌላ ሻጭ ርካሽ ጋዝ ቢያገኝ እንኳ የሚያመጣበት መንገድ የተፎካካሪው ንብረት ነው። ኮሚሽኑ በ1984 አከፋፋዮችን ከዝቅተኛ የግዢ ግዴታ ነፃ አወጣ፤ በ1985 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ በሜሪላንድ የሸማቾች ጠበቃ አቤቱታ፣ ቧንቧዎች ነዳጅ መቀየር ለሚችሉ ትላልቅ ደንበኞች ብቻ ርካሽ ጋዝ የሚያቀርቡበትን አሠራር ውድቅ ሲያደርግ፣ ኮሚሽኑ በጥቅምት ትእዛዝ ቁጥር 436ን አወጣ። ትእዛዙ የሌላን ሰው ጋዝ ለማጓጓዝ የፈቀደ ቧንቧ ለሁሉም ያለ አድልዎ እንዲያጓጉዝ ያስገድዳል፤ ይህም ክፍት መስመር የሚባለው ሥርዓት ነው። ፍርድ ቤቱ በ1987 መርሁን ተቀብሎ፣ በ«ውሰድ ወይም ክፈል» ውሎች የታነቁት ቧንቧዎች ዕዳ ግን ችላ ተብሏል ብሎ መለሰው፤ ኮሚሽኑም ዕዳው በቧንቧ፣ በአምራችና በሸማች መካከል የሚከፈልበትን መንገድ አበጀ። በቢሊዮኖች የሚቆጠረው የውል ማፍረሻ ክፍያ ሁሉንም አላዳነም፤ ኮሎምቢያ ጋዝ በ1991 ከአበዳሪዎች ጥበቃ ለማግኘት ወደ ፍርድ ቤት ሄደ።

ኮንግረሱ የመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። በሐምሌ 1989 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ አባት የፈረሙት ሕግ በጉድጓዱ አፍ ላይ የቀረውን የዋጋ ጣሪያ ሁሉ እስከ ጥር 1 ቀን 1993 እንዲነሣ አደረገ፤ የ1954ቱ ብያኔም ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የሚፈጸምበት ነገር አጣ። በሚያዝያ 1992 የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 636 ደግሞ ቧንቧዎች የጋዝ ሽያጭን፣ ማጓጓዝንና ማከማቸትን ነጣጥለው በየራሱ ዋጋ እንዲያቀርቡ፣ ያልተጠቀመበትን የመስመር ድርሻ የያዘ ደንበኛም ለሌላ እንዲያስተላልፍ እንዲፈቅዱለት አስገደደ። ከዚያ ወዲህ ቧንቧው በመሠረቱ መንገድ እንጂ ሱቅ አይደለም፤ ኮሚሽኑ የመንገዱን ክፍያ እንደ ሆፕ ዘመን በወጪና በተገቢ ትርፍ ይተምናል፣ የየከተማውን ማከፋፈያ የየግዛቱ ኮሚሽን ይቆጣጠራል፣ የጋዙን ዋጋ ግን በአብዛኛው በሉዊዚያና ኢራዝ በተባለ ቦታ ብዙ ቧንቧዎች የሚገናኙበት ሄንሪ ሃብ ይወስነዋል፤ በ1990 የኒው ዮርክ የሸቀጥ ገበያ የወደፊት ርክክብ ውሎችን፣ ማለትም ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ ከወራት በኋላ ለመረካከብ የሚፈረሙ ስምምነቶችን፣ በዚያ ቦታ ዋጋ ማገበያየት ጀምሮ ነበር።

ነፃው ገበያም ያለ ጠባቂ አልተተወም። ከ2000 እስከ 2001 በካሊፎርኒያ የደረሰው የኃይል ቀውስ ነጋዴዎች የዋጋ መረጃን አዛብተው ሊያሳውቁ እንደሚችሉ ካሳየ በኋላ፣ የ2005 የኢነርጂ ፖሊሲ ሕግ ገበያን ማጭበርበርን በግልጽ ከልክሎ ኮሚሽኑ በቀን እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲቀጣ ሥልጣን ሰጠው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሼል ከሚባለው ጠጣር ድንጋይ ጋዝ የማውጣት ጥበብ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ደግሞ ክርክሩ ወደ ውጭ ንግድ ዞረ፤ በቅዝቃዜ ፈሳሽ ሆኖ በመርከብ የሚላክ ጋዝ የሚፈቀደው በ1938 ሕግ 3ኛ አንቀጽ ነውና፣ የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ ለእያንዳንዱ ተርሚናል የሀገሪቱን ጥቅም መመዘን ነበረበት። የሀገር ውስጥ ፋብሪካዎች ወደ ውጭ መላኩ የጋዙን ዋጋ ያስወድድብናል ብለው ተቃወሙ፤ አምራቾች ገበያ ይከፈትልን አሉ። በየካቲት 2016 በሉዊዚያና ከሚገኘው ከሳባይን ፓስ ተርሚናል የመጀመሪያው ጭነት ተነሥቶ ወደ ብራዚል ተጓዘ።